ከአማርኛ ጽሑፍ ጥያቄ የሚያወጣ ሞዴል በትንሽ ዳታ ማሠልጠን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራው በትክክል ምንድን ነው?

ሞዴሉ አንድ አንቀጽ ይሰጠዋል፤ ከአንቀጹ ውስጥ አንድ ሐረግ «መልሱ ይህ ነው» ተብሎ ይጠቆምለታል። እሱ ደግሞ ያ ሐረግ መልስ የሚሆንበትን ጥያቄ ይጽፋል። ከዚህ በታች በተደጋጋሚ የምንመለስበት ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦

«አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ኦሎምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ።»

«በሮም» ከተጠቆመ «አበበ ቢቂላ በ1952ቱ ኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው የት ነው?» ማለት አለበት። «በባዶ እግሩ» ከተጠቆመ «እንዴት ሮጦ ነው ያሸነፈው?»። አንዱ ዓረፍተ ነገር አምስት ስድስት ጥያቄ ይወጣዋል። ከጥያቄ መላሽ ሞዴል ጋር የተገላቢጦሽ ሥራ ነው፤ ስለዚህም ለጥያቄ መላሽ የተሰናዳ ዳታ ሁሉ ግብአቱንና ውጤቱን ገልብጠው ለዚህ ሥራ ይጠቀሙበታል።

ለአማርኛ ምን ያህል ዳታ አለ?

ለማነጻጸር ያህል፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝኛው የጥያቄና መልስ ዳታ ስኳድ በ536 የዊኪፒዲያ ጽሑፎች ላይ የተሠሩ ከ100 ሺህ በላይ ጥያቄዎች አሉት። የአማርኛው አምኪውኤ በ378 የዊኪፒዲያ ጽሑፎች ላይ 2,628 የጥያቄና መልስ ጥንድ ይዟል። የጎረቤታችን የትግርኛው ቲኳድ ከ290 የዜና ጽሑፎች ወደ 10,600 የሚጠጋ ጥንድ አለው። አማርኛ የሚሠራ ሰው እንግዲህ መነሻው ከ3 ሺህ በታች ነው፤ ቀሪውን ከሌላ ቦታ ማምጣት ወይም ራሱ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

በእጅ የተሠራ ስንት ጥያቄ ቢኖረኝ ይበቃኛል?

መጀመሪያ የሚያስፈልገው የመፈተኛ ዳታ ነው። ማንም ያልነካካው፣ በጥንቃቄ በእጅ የተሠራ 300 ጥያቄ ሳይኖር ሥልጠና መጀመር ሚዛን ሳይዙ እህል መሸጥ ነው። ከዚያ 200 ያህል ለማስተካከያ (በሥልጠናው መሐል እየታየ ለመመዘኛ የሚሆን)፣ ከ1 ሺህ እስከ 3 ሺህ የሚሆን ለሥልጠና። ከ500 በታች የሥልጠና ጥንድ ብቻ ካለ ሞዴሉ የጥያቄ ቅርጽ ይለምዳል እንጂ ይዘቱን አይለይም፤ አማርኛው ልክ የሆነ፣ መልሱ ግን የተጠቆመው ያልሆነ ጥያቄ ይጽፋል።

አከፋፈሉ በጥያቄ ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን። ስለ አበበ ቢቂላ ከተጻፈው ጽሑፍ የወጡ ሰባት ጥያቄዎች አምስቱ ሥልጠና ላይ፣ ሁለቱ መፈተኛ ላይ ካረፉ ውጤቱ ያምርና ሞዴሉ አዲስ ጽሑፍ ሲያይ ይፍረከረካል። ይህ ስህተት ከሁሉም በላይ የተለመደ ነው፤ መንስኤውም ዳታውን በአንድ መስመር ኮድ በዘፈቀደ መክፈል ስለሚቀል ብቻ ነው።

ጥያቄ አዘጋጆቹን ምን ብዬ ላዝዝ?

አንቀጹን አንብበው ከጨረሱ በኋላ ሸፍነው እንዲጽፉ። አንቀጹ ፊታቸው ከሆነ ዓረፍተ ነገሩን ቃል በቃል ገልብጠው አንድ ቃል ብቻ በ«ምን» ይተካሉ፤ ሞዴሉም ይህንኑ መገልበጥ ይማራል። ከአንድ አንቀጽ ከአምስት ጥያቄ በላይ አይጠየቁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቁጥር ማሟያ ነው። ቢያንስ ከአምስቱ አንዱ «ለምን» ወይም «እንዴት» ይሁን። አንድ ሰው የጻፈውን ሌላው መልሱን ሳያይ ይመልሰው፤ ካልቻለ ጥያቄው ይታረም ወይም ይጣል።

የእንግሊዝኛውን ዳታ በማሽን ብተረጉመውስ?

ይቻላል። ችግሩ የተተረጎመው ሁሉ ዳታ አለመሆኑ ነው። ኤንኤልኤልቢ-200 የተባለው ተርጓሚ ሞዴል ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ ይገኛል፤ አማርኛ ይሠራል፤ ትንሹ የ600 ሚሊዮን ፓራሜትር (ሞዴሉ ሲሠለጥን የሚስተካከሉ ቁጥሮች) ቅጂ በአንድ ተራ ጂፒዩ (የስሌት ካርድ) ላይ ይሄዳል። የሚበላሸው ግን በአራት በኩል ነው።

አንደኛው የመልሱ መጥፋት ነው። በእንግሊዝኛው «ሮም» ለብቻው የቆመ ቃል ነው፤ በአማርኛው «በሮም» ሆኖ ይመጣል፤ ሌላ ቦታ ደግሞ «ከሮም»፣ «የሮምን»፣ «ሮምም»። መልሱን ለብቻ ተርጉመው በአንቀጹ ውስጥ ቃል በቃል ቢፈልጉት አያገኙትም። የሚሻለው ከትርጉም በፊት መልሱን በአንቀጹ ውስጥ በቅንፍ መክበብ፣ ቅንፉን ይዞ መተርጎም፣ ከትርጉሙ ውስጥ የተከበበውን መልሶ ማውጣት ነው። ቅንፉ ከጠፋ (ይጠፋል) መልሱን ለብቻው ይተርጉሙና ከፊቱ በ፣ ለ፣ ከ፣ የ፣ ከኋላው ን፣ ም፣ ና ሊኖር እንደሚችል ፈቅደው ይፈልጉ። በዚህም ካልተገኘ ጥንዱን ይጣሉት፤ በግምት አያስቀምጡት።

ሁለተኛው ዘመን አቆጣጠር ነው። የእንግሊዝኛው «1960» ወደ አማርኛ ሲገባ «በ1960» ተብሎ ይቀመጣል፤ አንባቢ ዓ.ም. ብሎ ስለሚያነበው የ7 ወይም የ8 ዓመት ስህተት ነው። ሁሉንም ቀይሮ ማስላት አያስፈልግም፤ «እ.ኤ.አ.» መጨመር ይበቃል። ጥያቄውም ውስጥ ግን መጨመሩን ያረጋግጡ።

ሦስተኛው ሰዓት ነው፤ እዚህ ላይ መፍትሔው ራሱ ያሳስታል። ከቀኑ 9 ሰዓት መባል ያለበት «ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት» ተብሎ ይተረጎማል። ይህን ለማረም ማንኛውንም ሰዓት በ6 የሚያዛውር ስክሪፕት የሚጽፉ አሉ። ያ ስክሪፕት የአበበን 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ወደ 8 ሰዓት ከ15 ይወስደዋል! የቆይታ ጊዜ አይዛወርም። «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ»፣ «ሌሊት» የሚል ቃል አጠገቡ ሲኖር ብቻ ያዛውሩ።

አራተኛው የጥያቄው አማርኛ ነው። «ምንድን ነው የአባይ ወንዝ ርዝመት?» ዓይነት ጥያቄ ይበዛል። ሰው የሚጠይቀው «የአባይ ወንዝ ርዝመት ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄ ቃሉ የዓረፍተ ነገሩ የመጀመሪያ ቃል የሆነበትን ጥንድ ሁሉ ለይተው ይመልከቱት፤ ከዚያ ውስጥ ደህናው ጥቂት ነው።

ከዚህ ሁሉ ማጣሪያ በኋላ ግማሹ ቢወድቅ አይደንግጡ። ሥልጠናውን በተተረጎመው ይጀምሩና በእጅ በተሠራው ይጨርሱ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሞዴሉ የትርጉም አማርኛ ይዞ ይቀራል።

ያለ ሥልጠና፣ በሕግ ብቻ ጥያቄ ማውጣት አይቻልም?

ይቻላል፤ አማርኛ ለዚህ ከእንግሊዝኛ ይልቅ የተመቸ ነው። ጥያቄ ቃሉ የመልሱን ቦታ ይወስዳል እንጂ ወደ ፊት አይዘልም። ግሡም «ነው» በሚጨርሰው አዘራዘር ይለወጣል፦ «አሸነፈ» ወደ «ያሸነፈው»፣ «ተገነባ» ወደ «የተገነባው»። ከዚያ «የት ነው?» ወይም «መቼ ነው?»። የቅጥያው ሰንጠረዥም አጭር ነው፦

በ + ቦታ፦ የት
ከ + ቦታ፦ ከየት
ወደ + ቦታ፦ ወዴት
ለ + ሰው፦ ለማን
የ + ሰው፦ የማን
ሰው + ን፦ ማንን
በ + ዘመን፦ መቼ ወይም በስንት ዓ.ም.
ቁጥር + የሚቆጠር ነገር፦ ስንት
መጠን፦ ምን ያህል

የሚያስቸግረው ቅጥያውን ከቃሉ መለየት ነው። «በሮም» ላይ «በ» መነሻ ቅጥያ ናት፤ «በቀለ» ላይ ግን የስሙ አካል ናት። ከበደ፣ ለማ፣ የሺ ሁሉም እንደዚሁ። የመጀመሪያዋን ፊደል ዝም ብሎ የሚቆርጥ ኮድ «ከበደ ሄደ» ከሚለው ላይ «ከየት ሄደ?» ያወጣል። የተለመዱ ስሞችን ዝርዝር ይዞ ከመቁረጥ በፊት ማመሳከር አብዛኛውን ይፈታል። ለግሡ ደግሞ የማይክል ጋሰር ሆርንሞርፎ የተባለው ፕሮግራም የአማርኛን ግሥ ፈትቶ ሥሩን፣ ባለቤቱንና ቅጥያውን ይሰጣል፤ ከተፈታው ወደ ቃልም መልሶ ይሠራል፤ «አሸነፈ»ን ወደ «ያሸነፈው» ለመውሰድ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።

ሌላው ችግር ግሡ መልሱን የሚያወጣው መሆኑ ነው። «ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር አሸነፈች» ከሚለው «ማን አሸነፈች?» ቢወጣ ተማሪው ከወንዶቹ ስሞች ሁሉ ይገላገላል። አክብሮትም እንዲሁ ነው፦ «አዋጁን ማን አወጁ?» ጆሮ ይቆረቁራል፤ «አዋጁን ያወጁት ማን ናቸው?» አማርኛ ነው፤ ግን መልሱ አንቱ የሚባል ሰው መሆኑን ተናገረ። ለንባብ መለማመጃ ከሆነ ይለፍ። ለፈተና ከሆነ በስም ያዙሩት፦ «የባርሴሎናው የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ለማን ሆነ?»

በሕግ የወጣ ጥያቄ ደረቅ ነው፤ «ለምን»ን ጭራሽ አይነካም። ዋጋው ለሞዴሉ የመጀመሪያ ዙር ምግብ መሆኑ ላይ ነው፤ የጥያቄ ቃልና የቅጥያ ስምምነትን በርካሽ ያስተምረዋል።

የትኛውን ሞዴል ልምረጥ?

ለመጀመሪያ ሙከራ ኤምቲ5 የተባለው ጽሑፍ ተቀብሎ ጽሑፍ የሚያወጣ ሞዴል፤ መጀመሪያ ትንሹ (300 ሚሊዮን ፓራሜትር)፣ ከዚያ መካከለኛው (580 ሚሊዮን)። 101 ቋንቋ ያውቃል፤ አማርኛ አንዱ ነው። የእንግሊዝኛውን ቲ5 በስህተት የሚያወርዱ አሉ፤ እሱ የግዕዝ ፊደል በመዝገቡ ስለሌለ ጽሑፉን ሁሉ «ያልታወቀ» ምልክት ያደርገዋል። የትኛውንም ሞዴል ከመያዝዎ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ወደ ቶከን (ሞዴሉ ጽሑፍን የሚከፋፍልበት የቃል ቁራጭ) ቀይረው መልሰው ወደ ጽሑፍ ያውጡት። ያስገቡት ካልተመለሰ ሞዴሉ ለአማርኛ አይሆንም። የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው።

ባይቲ5 የሚባለው ሌላ ሞዴል ቶከን የለውም፤ በባይት ነው የሚያነበው። ለፊደል ግድፈትና ለቅጥያ ጠንካራ ነው። ነገር ግን አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ «ኢትዮጵያ» የሚለው ባለ አምስት ፊደል ቃል 15 ባይት ይበላል፤ 1,024 ባይት ቢፈቅዱለት 341 ፊደል ብቻ ይይዛል። አንቀጽዎ ከሦስት ዓረፍተ ነገር ከዘለለ ይጠበዋል።

ስለ ትንሹ ኤምቲ5 ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የቃል መዝገቡ 250,112 ቶከን ነው፤ እያንዳንዱ በ512 ቁጥር ይወከላል፤ መዝገቡ በግብአትና በውጤት ሁለት ጊዜ ይቀመጣል። ሲባዛ 256 ሚሊዮን ነው፤ ማለትም ከ300 ሚሊዮኑ ፓራሜትር አብዛኛው የ101 ቋንቋ ቃላት ማስቀመጫ ነው። በእጅዎ ባለው የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ቶከናይዘሩን (ጽሑፍን ወደ ቶከን የሚከፍለውን ክፍል) አስኪደው ጥቅም ላይ የዋሉትን (ልዩ ምልክቶችን፣ ቁጥሮችንና ነጥቦችን ሳይረሱ) ለይተው ሌላውን መቁረጥ ይችላሉ። 20 ሺህ ቶከን ቢተርፍ ሞዴሉ ወደ 65 ሚሊዮን ይወርዳል፤ ተራ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። ቆርጠው ሲጨርሱ የቶከኖቹ ቁጥርና የማትሪክሱ (ቶከኖቹ በቁጥር የሚወከሉበት ሰንጠረዥ) ረድፍ መገጣጠሙን ያረጋግጡ፤ በአንድ ረድፍ ከተዛነፈ ሞዴሉ ያለ አንዳች የስህተት መልእክት ትርጉም የለሽ ፊደል ይተፋል።

ግብአቱን እንዴት ላዋቅር?

መልሱን ከአንቀጹ ፊት ለብቻው ከማስቀመጥ ይልቅ በቦታው ላይ ሆኖ በሁለት ልዩ ምልክት መሐል ያድርጉት። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ «1952» በአንቀጹ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከመጣ ሞዴሉ የቱን እንደፈለጉ አያውቅም። ምልክቱም ሙሉውን ቃል ይክበብ፤ «በ»ን ውጭ ትቶ «ሮም»ን ብቻ መክበብ ቶከኑን ስለሚሰብረው ይጎዳል።

ከሦስት እስከ አምስት ዓረፍተ ነገር ያለው አንቀጽ ይበቃል። መልሱ ያለበት ዓረፍተ ነገር በ«እሱ»ና «ይህ» የሚጀምር ከሆነ ግን ስሙ የተጠራበት ዓረፍተ ነገር አብሮ ይግባ፤ አለበለዚያ «እሱ መቼ አሸነፈ?» የሚል ባለቤት የሌለው ጥያቄ ይወጣል።

መልሱን ማን ይመርጣል?

ሰው ካልመረጠ በመጀመሪያ ዙር ስሞች፣ ቀኖችና ቁጥሮች ይበቃሉ። ቁጥርና ቀን በቀላል ስክሪፕት ይያዛሉ። ለሰው፣ ለቦታና ለድርጅት ስም ማሳካኔር በተባለው የአፍሪካ ቋንቋዎች የስም ዳታ የአማርኛ ክፍል የሠለጠነ ስም ለቃሚ መጠቀም ይቻላል፤ ሰው፣ ቦታ፣ ድርጅትና ቀን ለይቶ ያወጣል። ለ«ለምን» ጥያቄ «ምክንያቱም»፣ «ስለዚህ»፣ «በመሆኑ»፣ «ምክንያት» የሚሉ ቃላት ያሉበትን ዓረፍተ ነገር ለቅመው የምክንያቱን ክፍል መልስ ያድርጉ።

ጽሑፉን እንዴት ላጽዳ?

ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተመትቶ የተሠራውን «፡፡» እና «::» ወደ «።» ይለውጡ። ይህ ካልሆነ ዓረፍተ ነገር ከፋዩ ገጹን በሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ያደርገዋል። ለጥያቄ ምልክት «?» እና «፧» ተቀላቅለው ይመጣሉ፤ አንዱን ይምረጡ። «ዓ.ም.» ላይ ያለችው ነጥብ ዓረፍተ ነገር እንዳትቆርጥ ይጠንቀቁ።

ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ወደ አንድ ማምጣት ያስፈልጋል ወይ የሚለው አከራካሪ ነው። የእኛ ምክር፦ ለማነጻጸርና ለማጣራት አዎ፣ ሞዴሉ ለሚጽፈው ጥያቄ አይ። ጥያቄውን የሚያነበው ሰው ነው፤ ምናልባትም ተማሪ። «ሠራዊት»ን «ሰራዊት» አድርጎ ማስተማር ለሞዴሉ የሚያተርፈው ትንሽ፣ ለአንባቢው የሚያበላሸው ብዙ ነው። ሁለቱ መልሶች አንድ መሆናቸውን ሲያመሳክሩ ግን ሁለቱንም ወደ አንድ ፊደል አምጥተው ያመሳክሩ።

ሥልጠናው ላይ ምን ይበላሻል?

ኪሳራው (ሞዴሉ ምን ያህል እንደሚሳሳት የሚለካው ቁጥር) በድንገት «ቁጥር አይደለም» የሚል ምልክት ሆኖ ከቀረ፣ ኤምቲ5ን ኤፍፒ16 በተባለው የ16 ቢት የቁጥር ቅርጽ እያሠለጠኑ ነው። ይህ የሞዴሉ የታወቀ ጠባይ ነው፤ ውስጡ የሚወጡት ቁጥሮች ከዚያ ቅርጽ አቅም በላይ ይሆናሉ። ጂፒዩዎ ቢኤፍ16 የተባለውን ሌላ የ16 ቢት ቅርጽ የሚችል ከሆነ እሱን፣ ካልሆነ ሙሉውን 32 ቢት ይጠቀሙ።

ውጤቱ «ኤክስትራ_አይዲ_0» በሚል ምልክት የሚጀምር ከሆነ ሞዴሉ ገና አልሠለጠነም። ኤምቲ5 ሲፈጠር የተማረው የተቆረጠ ጽሑፍ መሙላት ብቻ ስለሆነ ያንኑ ልማዱን እየደገመ ነው። የመማሪያ ፍጥነቱ አንሷል፤ ለኤምቲ5 0.0001 ዝቅተኛ ነው፣ እስከ 0.001 መሄድ ይችላል። ለበርት ዓይነት (ጽሑፍ የሚያነቡ እንጂ የማይጽፉ) ሞዴሎች የተለመደው 0.00002 እዚህ ምንም አያንቀሳቅስም።

የጂፒዩው ማስታወሻ (ሜሞሪ) ከሞላ ሒሳቡ ይህ ነው፦ 580 ሚሊዮን ፓራሜትር በ32 ቢት 2.3 ጊጋባይት ነው። አዳም የተባለው አሻሻይ ለክብደቱ (ለፓራሜትሮቹ)፣ ለግራዲየንቱ (እያንዳንዱ ወዴት እንደሚስተካከል ለሚያሳየው ቁጥር) እና ለሁለት ተጨማሪ መዝገብ አራት እጥፍ ይወስዳል፤ 9.3 ጊጋባይት ገና አንድ አንቀጽ ሳይገባ። ባለ 16 ጊጋባይት ካርድ ላይ በአንድ ጊዜ 4 ጥንድ እያስገቡ 8 ጊዜ አጠራቅመው አንድ እርምጃ ይራመዱ፤ ወይም አዳፋክተር የተባለውን አሻሻይ ይጠቀሙ፣ በተለመደው አቀማመጡ ከተጨማሪዎቹ ሁለት መዝገቦች አንዱን ይተወዋል፣ ሌላውን አጥፎ ይይዘዋል። ሎራም (ሞዴሉን ራሱን ሳይነኩ ጥቂት ተጨማሪ ፓራሜትር ብቻ ማሠልጠን) ይረዳል፤ በሌላ ቋንቋ ለሠለጠነ ሞዴል አማርኛ ለማስተማር ሳይሆን አማርኛ ለሚያውቅ ሞዴል ጥያቄ አጠያየቅ ለማስተማር።

በ2 ሺህ ጥንድ ከ10 እስከ 15 ዙር (አንድ ዙር ዳታውን በሙሉ አንድ ጊዜ ማሳየት ነው) ይበቃል። የማስተካከያው ኪሳራ ለሦስት ዙር ካልቀነሰ ያቁሙ። በኪሳራው ብቻ ግን አይተማመኑ፤ በየዙሩ ተመሳሳይ 20 አንቀጾች ላይ የሚጽፈውን ያንብቡ።

ሞዴሉ የሚጠይቀው «መቼ» እና «ማን» ብቻ ነው። ለምን?

ዳታው እንደዚያ ስለሆነ። የጥያቄ ቃላቱን ቆጥረው ይመልከቱ። ሁለት መፍትሔ አለ፦ የበዛውን መቀነስ (ትንሽ ዳታ ላለው ያሳዝናል)፣ ወይም በግብአቱ መነሻ ላይ «ዓይነት፦ ለምን» ብሎ የሚፈለገውን የጥያቄ ቃል መጻፍ። ሁለተኛው ይሻላል፤ ሲጠቀሙበትም ዓይነቱን የሚያዙት እርስዎ ይሆናሉ። የተለያየ አነጋገር ከፈለጉ በጨረር ፍለጋ (ይበልጥ የሚገመቱትን ጥቂት አማራጮች ብቻ ይዞ መሄድ) ፋንታ የዕድላቸው ድምር 0.9 ከሚሞሉት ቀዳሚ ቃላት መካከል በናሙና ያውጡ፤ ለእያንዳንዱ መልስ አምስት አስወጥተው ይምረጡ።

ጥያቄ የሌለው ብዙ ጽሑፍ አለኝ። ምን ላድርግበት?

ሞዴሉ ራሱ ጥያቄ ያውጣበት፤ ሌላ ሞዴል ያጣራው። በአምኪውኤ የሠለጠነ ጥያቄ መላሽ ያዘጋጁ፤ የአፍሪካ ቋንቋዎችን የሚያውቀው ሞዴል አፍሮ-ኤክስኤልኤምአር ጥሩ መነሻ ነው። ጥያቄ አውጪው የጻፈውን ከአንቀጹ ጋር ስጡት። የመለሰው መጀመሪያ ከተጠቆመው ጋር ከገጠመ ጥንዱ ይቆያል፤ ካልገጠመ ይጣላል። ሲያመሳክሩ ቅጥያ ገፍፈው፣ ፊደል አንድ አድርገው፤ አለበለዚያ «በሮም» እና «ሮም» አይገጥሙም ተብሎ ደህናው ይጣላል።

ይህ ማጣሪያ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፦ ቀላሉን ይወዳል። ዓረፍተ ነገሩን ገልብጦ «የት» የጨመረ ጥያቄ ሁልጊዜ ያልፋል፤ በሌላ ቃል የተጠየቀ ጥሩ ጥያቄ ይወድቃል። ስለዚህ ካለፉት ውስጥ ቃላቱ ከአንቀጹ ዓረፍተ ነገር ጋር ከሞላ ጎደል አንድ የሆኑትን በተጨማሪ ይቀንሱ። ከሁለት ዙር በላይ አይድገሙት፤ ሞዴሉ የራሱን ስህተት መብላት ይጀምራል።

ጥራቱን በምን ልለካ?

ብሉ የተባለው የማሽን መለኪያ የሞዴሉን ጥያቄ ከሰው ጥያቄ ጋር ቃል ከቃል ስለሚያመሳክር አማርኛን ይበድላል። «ማራቶንን ያሸነፈው የት ነው?» እና «ማራቶን ያሸነፈበት ቦታ የት ነው?» ለእሱ ግማሽ በግማሽ የተለያዩ ናቸው። በፊደል የሚቆጥረው ሲኤችአርኤፍ የተሻለ ነው፤ ሁለቱንም ግን ሞዴልን ከሞዴል ለማወዳደር ብቻ ይጠቀሙባቸው።

የሚያምኑት ልኬት የሰው ነው። ሁለት አንባቢ፣ 100 ጥያቄ፣ ሦስት አዎ ወይም አይ፦ አማርኛው ልክ ነው? ከአንቀጹ ብቻ ይመለሳል? መልሱ የተጠቆመው ነው? ሁለቱ አንባቢዎች ተለያይተው ይፍረዱ፤ የካፓ ስምምነታቸው (በአጋጣሚ መግጠምን ቀንሶ ስምምነትን የሚለካ ቁጥር) ከ0.6 በታች ከሆነ ሞዴሉን ሳይሆን መመሪያዎን ያስተካክሉ። ከ1 እስከ 5 ነጥብ ማሰጠት አያዋጣም፤ አንዱ 3 የሚለውን ሌላው 4 ይለዋል።

ትልልቆቹን ቻት ሞዴሎች ብጠይቃቸው አይቀልም?

ለጥቂት መቶ ጥያቄ ይቀላል። ከአምስት እስከ ስምንት ጥሩ ምሳሌ ከነአንቀጻቸው አስቀድመው ይስጡ፤ የምሳሌዎቹ የጥያቄ ቃል የተለያየ ይሁን፤ ከምሳሌዎቹ አንዱ «ከዚህ አንቀጽ አይመለስም» የሚል ቢሆን ከራሱ ዕውቀት የመጨመር አባዜው ይቀንሳል። አማርኛ ብዙ ቶከን ስለሚበላ ሺህ አንቀጽ ሲሆን ሒሳቡ ይከብዳል። ውጤቱን ሌላ ሞዴል ለማሠልጠን ከፈለጉ የአገልግሎቱ ውል ይህን መፍቀዱን ቀድመው ያንብቡ።

ለክፍል ፈተና ባለ አራት ምርጫ ላውጣበት?

ጥያቄውን ያወጣልዎታል፤ ምርጫዎቹ ግን ሌላ ሥራ ናቸው። የተሳሳቱት ሦስት ምርጫዎች ከመልሱ ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፦ ከተማ ከሆነ ከተማ፣ ዓመት ከሆነ በአንድ አቆጣጠር የተጻፈ ዓመት። ቅጥያቸውም አንድ ይሁን። «በሮም» ከ«ቶኪዮ»፣ «ሜክሲኮ ሲቲ» እና «ሙኒክ» ጋር ከተደረደረ «በ» ያለባትን የሚመርጥ ተማሪ አንቀጹን ማንበብ አያስፈልገውም። ምርጫዎቹን ከዚያው አንቀጽና ከዚያው የትምህርት ምዕራፍ ስም ለቃሚው ካወጣቸው ውስጥ ይውሰዱ፤ በአንቀጹ መሠረት ሁለተኛ ትክክል መልስ አለመኖሩን መምህሩ በዓይኑ ሳያይ ወረቀቱ አይባዛ።